የጋሽ ይመር ሩብ ዙር

በመካነ ሰላም ከገበያው በታች፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ብረት ሲቀጠቅጡና ሞተር ሲያስተካክሉ የኖሩት ጋሽ ይመር ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ አርፈዋል። የገደላቸው ተስቦ ነው። ተስቦው የያዛቸው ከየመንደሩ በረሃብ የተፈናቀለው ሰው በተሰበሰበበት መጠለያ ውስጥ የውሃ መሳቢያውን ሞተር ሲጠግኑ ነው። በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ተቀበሩ።

ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው። ከቀብሩ ወዲህ «እኔም አውቃቸው ነበር» የሚለው ሰው ስለበዛ ለእሱም ጭምር ጽፌዋለሁ። በሕይወት ሳሉ ወዳጆቻቸው ሁሉ ተሰብስበው ለአንድ አግዳሚ ወንበር አይተርፉም ነበር። ዛሬ ከተማው በሙሉ ወዳጃቸው ሆኗል። ሞት ሰውን ከቡዳነት እንደሚያነጻ አላውቅም ነበር፤ ይህን ያስተማረኝ የመካነ ሰላም ሰው ነው።

እኔ መምህር ነኝ። ነገር ከሥሩ ካልተነገረ ደስ አይለኝምና ከሥሩ እጀምራለሁ።

ጋሽ ይመር የቁልቋል በር ሰው ናቸው። ቁልቋል በር ከከተማችን ግማሽ ቀን ቁልቁል ተሂዶ የሚደረስበት፣ ወደ ዓባይ በረሃ ያዘመመ የባለ እጆች መንደር ነው። ለአካባቢው ሁሉ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ የሚሠራው ይህ መንደር ነው። ገበሬው በእነሱ ማረሻ ያርሳል፣ በእነሱ ማጭድ ያጭዳል፤ ያጨደውን ሲበላ ግን የባለ እጅ ዓይን እንዳያርፍበት መሶቡን ይሸፍናል። እንዲህ የሚያደርገው ያልተማረው ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ትንሽ ይታገሰኝ።

ጋሽ ይመር በወጣትነታቸው ደሴ ወርደው በአንድ ጣሊያን ጋራዥ ሠርተዋል። ከዚያ ይዘው የተመለሱት አንድ ካቻቢቴ፣ ጥቂት መፍቻና ሃያ የሚሆን የጣሊያን ቃል ነው። «ሃያው ይበቃኛል፤ የቀረው ስድብ ስለነበር ለባለቤቱ ትቼለት መጣሁ» ይሉ ነበር። ከሃያው ቃል አንዱ «ሚኒሞ» ነው። ሞተር ሳይክል ቆሞ፣ ማርሽ ሳይገባለት፣ የቤንዚን መስጫውን እጀታ ማንም ሳይነካው፣ በራሱ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር ሚኒሞ ይባላል። መምህር እንዲህ ነው የሚያስረዳው። ጋሽ ይመር ግን እንዲህ ነበር ያሉኝ፦ «ሚኒሞ ማለት የማይሞትባት ትንሿ ነገር ናት። ከዚያ በላይ ከሰጠኸው ይጮሃል። ከዚያ በታች ከሰጠኸው ይሞታል። ከዚያ በታች ሰጥቶ ‹ቆጠብኩ› የሚል ሰው ገዳይ ነው።»

ዝናቡ ደጋግሞ በከዳበት በዚያ በክፉው ዘመን፣ በከተማችን ባለ አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ወረቀት ተወዷል። ሥራቸው በየመንደሩ ዞረው የተራበውን አይተው ለበላይ መጻፍ ነበር። እህል የሚላከው በእሳቸው ጽሑፍ ስሙ ለተነሳ መንደር ብቻ ነው። ለዚሁ ሥራ አንድ ቀይ አሮጌ ሞተር ሳይክል ተሰጥቷቸዋል፤ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች እየተጣለ እዚህ የደረሰ ነው። ሰውዬውም እንደዚያው ነበሩ።

ሞተሩ ሚኒሞ አልነበረውም። ሲሄድ ይሄዳል። ሲቆም፣ እጀታው እንደተለቀቀ፣ ሁለት ጊዜ አስሎ ይጠፋል። አንዴ ከጠፋ ለማስነሳት ግማሽ ሰዓት ያህል ማስነሻውን በእግር መርገጥ ያስፈልጋል፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ እግራቸውን የሚወዱ ሰው ነበሩ። ስለዚህ በየመንደሩ መቆም ተዉ፤ በመሀሉ እየሰነጠቁ አለፉ። የተራበው ሰው ከመንገድ ዳር ቆሞ እጁን እያነሳ ይጣራ ነበር። እሳቸው ከዞሩበት ሲመለሱ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ሕዝቡ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ እጁን እያነሳ በደስታ ተቀብሎናል።»

ይህን ወረቀት በዓይኔ አይቼዋለሁ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ በንጹህ እንድገለብጠው የተሰጠኝ እኔ ነበርኩ። ገለበጥኩት። የለወጥኩት ነገር የለም፤ አንድ የፊደል ግድፈት ብቻ አርሜአለሁ።

ቀጥሎ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «ይሄ ቀላል ነው» ብሎ የሚኒሞውን ብሎን እስከ ጥጉ አጠበቀው። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ሲቆም አይጠፋም፤ ቆሞ ይጮሃል። ተቆጣጣሪው አሁን በየመንደሩ ቆሙ። ሰው ከበባቸው፣ ተናገረ፣ አለቀሰ። ከጩኸቱ የተነሳ ግን አንድም ቃል አልተሰማም። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ፈገግ ብለው ሄዱ። ጽሑፉም «አቤቱታ ያቀረበ የለም» የሚል ሆነ። እሱንም ገለበጥኩት። በዚህኛው የፊደል ግድፈት አልነበረም።

በዚያው ሰሞን በክፍሌ ስም ስጠራ «አቤት» የሚለው ድምፅ እየሳሳ ሄደ። የቁልቋል በር ልጆች ከተማ ቤት ተከራይተው ከመንደራቸው በሚመጣ ስንቅ የሚማሩ ነበሩ። ስንቁ ሲቀር አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ጋሽ ይመርም አንዲት እህት፣ ዘሀራ የሚሏት፣ ከአራት ልጆቿ ጋር እዚያ ነበረቻቸው። የሚችሉትን በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዱ ነበር፤ የአንድ ሰው ጀርባ መንደር አይመግብም እንጂ። ወደ መሥሪያ ቤቱ ሦስት ጊዜ ሄደው ሦስት ጊዜ ከበር መለሷቸው። «መንደሩ በጽሑፉ ላይ የለም» ነበር መልሱ። በጽሑፉ ላይ ለምን እንደሌለ የሚያውቀው የሚጮኸው ሞተር ነው።

ያ ሞተር ሲጮህ ከርሞ ጋለና እንደ ድሮው መጥፋት ጀመረ። ተቆጣጣሪው አስጠሩኝ።

«መምህር፣ አንተ ከባለጁ ጎን አይደል የተከራየኸው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«በል ገፍተህ ውሰድለት። ብቻ ጨርቅ ጣል አድርግበት፤ ዓይኑ እንዳያርፍበት።»

«ካላየው እንዴት ይሠራዋል?»

«እሱን እሱ ያውቃል» አሉ።

እንግዲህ የተማረ ሰው ያልኳችሁ ይህ ነው። የታመመን ነገር ወደ ሐኪሙ ሲልክ ሐኪሙ እንዳያየው ሸፍኖ ይልካል። እኔም ሳልከራከር በነጭ አቡጀዲ ሸፍኜ በገበያው መሀል ገፋሁት። ሁለት ሴቶች አስከሬን መስሏቸው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

ጋሽ ይመር በወናፋቸው አጠገብ ተቀምጠው አዩኝ።

«መምህር፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?»

«የተቆጣጣሪው ሞተር ነው ጋሼ። እንዳያዩት ብለው ነው ያሸፈኑት።»

ጨርቁን አዩት። «አጃኢብ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ ሰውዬ ሆዱን ሲያመውም ለሐኪሙ ጀርባውን ነው የሚሰጥ? ግድ የለም፣ ጨርቁን እንዳታነሳ። አስነሳውና ዞር በል።»

ረግጬ ረግጬ አስነሳሁት። ጋሽ ይመር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሞተሩ ከጨርቁ ሥር ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ሲል ቆየና አስሎ ጠፋ። እሳቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተናገሩ።

«ካርቡራተሩ ከሞተሩ ጋር በተጋጠመበት ቦታ አየር ይስባል፤ ለዚህ ነው ዙሩ ሳይነኩት ከፍ ዝቅ የሚለው። የሚኒሞዋን ቀዳዳ ደግሞ ሰው በሽቦ ወግቷታል። ብሎኑን የነካው ሾፌር ነው።»

«ሾፌር መሆኑን በምን አወቁ?»

«ያልገባውን ነገር የሚያጠብቅ ሾፌር ነው። ያልገባውን የሚያላላ ዳኛ ነው። ያልገባውን በጨርቅ የሚሸፍን ተቆጣጣሪ ነው። አንተ ምን እንደምታደርግ ገና አላየሁም።»

ከዚያ ከእንስራው በጣሳ ውሃ ቀድተው ሰጡኝ። «ጠጣ፤ ዳገት ገፍተህ መጥተሃል።»

«ጾም ላይ ነኝ ጋሼ» አልኩ።

ጣሳውን ወደ ራሳቸው መለሱት። «ዛሬ ማክሰኞ ነው። ዐቢይም ገና ነው። የማክሰኞ ጾም ከየት መጣ?»

በዚያው ጠዋት ለአምስተኛ ክፍል በሽታ ከጀርም እንጂ ከሰው ዓይን እንደማይመጣ አስተምሬ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይም ጽፌ፣ ከሥሩ በቀይ ጠመኔ አስምሬበት ነበር።

ጋሽ ይመር ውሃውን ራሳቸው ጠጡት። «አብሽር» አሉኝ። «ሚኒሞህ ከፍ ብሎ ነው። ብዙ ትጮሃለህ፣ ትንሽ ትሰማለህ። ይስተካከላል።» ከዚያ በኋላ አንዴም አላነሱብኝም። መናቃቸውን ለሚገባው ብቻ የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ፤ እኔን ገና ለመናቅ የደረስኩ አድርገው አልቆጠሩኝም።

ጨርቁን አነሱና ሥራ ጀመሩ። እንዴት እንደሠሩ በቅደም ተከተሉ መጻፍ አለብኝ፤ ሰው ስለ እሳቸው ሲያወራ ይህን ይዘላል፣ የሰውዬው መታሰቢያ ግን ይህ ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን አሞቁት። «ከብርድ የገባ ሰው ቃል አይስጥ፤ መጀመሪያ ይሙቅ» ይሉ ነበር። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ የሚኒሞ ብሎን የሚነካውን ሰው ሌባ ነው የሚሉት፤ ለምን ሌባ እንዳሉት ስጠይቅ «ሲሞቅ ሌላ ሰው ነዋ፤ በሌለበት ፈረደበት» አሉኝ። ቀጥለው ለቤንዚኑ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትተው ጫፉን አሳዩኝ። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ከነጣ አየር በዝቶበታል፤ እንደ ተቆላ ገብስ ከሆነ ጤነኛ ነው። የእኛው በአንድ ወገን ጠቁሮ በሌላው ነጥቶ ነበር። «ይሄ ካንዴላ ሁለት ጌታ ያገለግላል» አሉ።

ከዚያ የሳሙና አረፋ በጣታቸው ወስደው ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው በካርቡራተሩ መጋጠሚያ ዙሪያ ቀቡት። ሞተሩ እየሠራ አረፋው በአንድ ቦታ ወደ ውስጥ ተጠጣ፤ ድምፁም ተለወጠ። «እዚህ ጋ ነው የሚዋሽ» አሉ። በመጋጠሚያው መሀል የሚገባው ስስ ወረቀት ተቃጥሎ ተሰንጥቆ ነበር። ሌላ ለመቁረጥ ወፍራም ካርቶን ፈለጉ፣ አጡ። እኔ የያዝኩት የስም መጥሪያ ደብተሬን ነበር። ሽፋኑን አዩት፣ እኔንም አዩኝ።

«ውስጡን ሳይሆን ሽፋኑን ነው» አሉ።

ገንጥዬ ሰጠኋቸው። በመቀስ ልክ ቆርጠው ዘይት አጠጥተው አስገቡት። የልጆቼ ስም የተጻፈበት ደብተር ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽፋን የለውም። ቀርቶበት አይቆጨውም።

የሚኒሞዋ ቀዳዳ በአንዲት የነሐስ ፍሬ ላይ ያለች፣ ለዓይን የምታስቸግር ነገር ናት። ያ ሾፌር በሽቦ ወግቶ አስፍቷት ነበር። ጋሽ ይመር ከሳጥናቸው ከሌላ አሮጌ ካርቡራተር የወጣች ደህና ፍሬ ፈልገው በፈረስ ጭራ አጸዷት። «ብረት በብረት አይጸዳም፤ ይሰፋል እንጂ» አሉ። ብሎኑን የነኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው። እስከ ጥጉ አላልተው ጀመሩና ሩብ ዙር ሰጡት፤ ቆመው ሰሙ። ሩብ ዙር፤ ቆመው ሰሙ። ትዕግሥቴ አልቆ «ለምን አንዴ አይዞርም ጋሼ?» አልኳቸው። «ሩብ የሰጠኸው ነገር መልስ ይሰጥሃል። ሙሉ የሰጠኸው ይጮህብሃል» አሉኝ።

ተቆጣጣሪው ለሥራው ምን ክፍያ እንደሚፈልጉ በእኔ በኩል ሲያስጠይቁ ጋሽ ይመር የላኩት መልስ ይህ ነው፦ «ቁልቋል በር ላይ ይቁም። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ እጀታውን ሳይነካ፣ የሚሉትን ይስማ። መምህሩ ከኋላ ተቀምጦ ይጻፍ።» ተቆጣጣሪው ሳቁ፤ ከኪሳቸው የማይወጣ ዋጋ ስለሆነ ግን እሺ አሉ። በደጃፋቸው አስነስተው ሲያዩት ሞተሩ አልጠፋም፤ ግን ትንሽ ያነክስ ነበር።

«ይኸው፣ ባለጅ ሠርቶት» አሉ። «ያነክሳል።»

ጋሽ ይመር ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነበር። «ለእርስዎ ደጃፍ አይደለም ያስተካከልኩት» አሉ። «ለቁልቋል በር ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ትንሽ ቤንዚን ይበቃዋል። ወደ ቆላ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ለደጋ የተስተካከለ ሚኒሞ እዚያ ይራባል፣ ይጠፋል። ጋሽ ይመር ለቆላው የሚበቃውን ያህል አስበው ስለሰጡት በደጋ ላይ በዛበትና አነከሰ። ይህን ለተቆጣጣሪው ሳስረዳቸው አዛጉ።

ወረድን። ቁልቋል በር ስንደርስ የመዶሻ ድምፅ የለም፤ ወናፉ ሁሉ ቆሟል። ሰዎቹ በየቤታቸው ጥላ ተቀምጠዋል፤ እጁን የሚያነሳም አልነበረም፣ የማንሳት አቅሙም አልቆ ይመስለኛል። ተቆጣጣሪው ሳይወርዱ አንድ እግራቸውን መሬት አስነክተው እጀታውን ለቀቁ። ፊታቸው ላይ አሁን ይጠፋል፣ መምህሩ ረግጦ ያስነሳዋል፣ እንሄዳለን የሚል ደስታ ነበር። ሞተሩ አንዴ ተንገዳገደና ተረጋጋ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። መካነ ሰላም ላይ ያነክስ የነበረው እዚያ ሳያነክስ ዞረ።

አባ ሰይድ የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ ቀጥቃጭ በበትራቸው እየተደገፉ መጥተው ከፊታችን ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ስታልፍ ስታልፍ አይተንሃል» አሏቸው። «ጎማ እንጂ ጆሮ ያለህ አልመሰለንም ነበር። በል ስማ። ያ ከዳገቱ ያለው የእንድሪስ ቤት ነው። አምስት ነበሩ...»

ተቆጣጣሪው እጀታውን ጠመዘዙ። ሞተሩ ጮኸ። «ምን አልክ? አልሰማሁህም» እያሉ እሳቸውም ጮኹ።

አባ ሰይድ አልጮኹም። አፋቸውን ዘግተው ጠበቁ። እጀታው ሲለቀቅ ሞተሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ።

«...አምስት ነበሩ፤ ሁለት ቀርተዋል» አሉ፣ ካቆሙበት።

እንደገና ጠመዘዙት። አባ ሰይድ እንደገና ጠበቁ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ሞተሩ ጠፍቶ እንዲገላግላቸው የፈለጉ ይመስል ነበር፤ እሱ ግን በለቀቁት ቁጥር ተመልሶ ዝም ብሎ ይተነፍሳል።

«እጅህ ይደክምሃል ልጄ» አሉ አባ ሰይድ። «እኔ ቁጭ ብያለሁ።»

እጃቸው ደከመ። አንጓቸውን ሲያሹ አየሁ። ከዚያ በኋላ መንደሩ ተናገረ፣ እኔም ጻፍኩ። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ መጣች። «ዘሀራ በለኝ» አለች። «የይመር እህት። አራት ልጆች። ይሄ ትንሹ መቆም ትቷል።»

«ይበቃል፣ ሞተሩ ሊጠፋ ነው» አሉ ተቆጣጣሪው።

«አልጠፋም ጌታዬ» አልኩ። በሕይወቴ አለቃ ስቃወም ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ድፍረቱም የእኔ አልነበረም፣ የሞተሩ ነበር።

በመንገድ ላይ «አሳጥረህ ጻፈው» አሉኝ። አላሳጠርኩትም። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ፈረሙበት። ስንፍና እንኳ አንዳንዴ ሰው ያድናል።

በዚያ ምሽት ከጋሽ ይመር ግቢ ገብቼ ውሃ ለመንኳቸው። ጣሳውን ሲሰጡኝ «ጾሙ ተፈታ?» ብቻ አሉ። «ተፈታ ጋሼ» አልኩ። ጠጣሁ።

እህሉ መጣ፤ ዘግይቶ መጣ። በአህያ ተጭኖ ወደ ቁልቋል በር ሲወርድ ከዝርዝሬ ላይ አራት ስም ሰርዤ ነበር። ከአራቱ አንዱ የዘሀራ ትንሹ ልጅ ነው። መርዶውን ለጋሽ ይመር ያረዳሁት እኔ ነኝ። መዶሻቸውን አስቀመጡና «ከሚኒሞ በታች ሰጡት» አሉ።

ከዚያ ለውጡ መጣ። ተቆጣጣሪው ክራቫታቸውን ፈትተው ካኪ ለበሱ፤ «ጌታዬ» የሚላቸውን መገሠጽና «ጓድ በሉኝ» ማለት ጀመሩ። በየስብሰባው ረሃቡን ከተደበቀበት ያወጡት እሳቸው መሆናቸውን ሰማን። ለዚህም ማስረጃ ያደረጉት በእኔ እጅ የተጻፈውን ዝርዝር ነው። ጋሽ ይመር ይህን ሲሰሙ አልተገረሙም። «ፍሬኑ የተበጠሰ መኪና ዳገት ላይ ጀግና ይመስላል» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እሳቸው ያን ጊዜ መጠለያው ውስጥ ነበሩ። የውሃ መሳቢያው በተበላሸ ቁጥር ማንም ሳይጠራቸው ይሄዳሉ። ሞተሩን አስተካክለው ሲጨርሱ አይመለሱም፤ በዚያችው ጣሳ ለመነሳት ላቃተው ሁሉ ውሃ ያዞራሉ። ተስቦ እንዳለ ነግሬያቸው ነበር፤ መምህር ነኝና ስለ ቅማልና ስለ ንጽሕና በሰፊው አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። «እዚህ ሰው ከእጄ ሲጠጣ አየሁ» አሉኝ። «የተጠማ ሰው የጣሳውን ባለቤት ዘር አይጠይቅም።» ያችን ጣሳ ይዘው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚቀበላቸው ሰው ሲጠብቁ እንደኖሩ ያኔ ገባኝ።

የከተማው ሰው ለለቅሶው እንጀራ ይዞ መጣ። እንጀራውን ሸፍኖ ነው ያመጣው። አሁን ከማን ዓይን እንደሚሸፍን ለመጠየቅ ፈልጌ ተውኩት፤ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ጓድ ተቆጣጣሪም ወደ ቀብሩ በዚያው ቀይ ሞተር መጡ። ለሰልፍ ድምፁ እንዲከብድ ብለው የሚኒሞውን ብሎን እንደገና አስጠብቀውታል። ከመቃብሩ አጥር አጠገብ አቆሙትና ሳያጠፉት ወረዱ። ካጠፉት የሚያስነሳላቸው ሰው ያ ከፊታቸው በነጭ ተከፍኖ የተኛው ነበር፤ ይህን ያህል ግን ያውቁ ነበር። ሞተሩ ጮኸ። ሼሁ ዱዓ ጀመሩ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እንጂ ቃላቸው አልተሰማም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ «አጥፉት» የሚል ግን አልነበረም።

ዘሀራ ወንድሟን ልታስታምም ከቁልቋል በር ወጥታ ሰንብታለች፤ ወደ መቃብሩ ከመሄዳችን በፊት በጋሽ ይመር ግቢ በር ከሴቶቹ ጋር ቆማ ነበር። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ጠርታኝ የወንድሟን ካቻቢቴ በእጄ አስቀምጣ፣ «ለመምህሩ ስጪው ብሎኛል» ብላኛለች። በኮት ኪሴ ነበር።

ወደ አጥሩ ሄጄ ተንበረከክሁ። ሩብ ዙር መለስኩ፤ ቆም ብዬ ሰማሁ። ሩብ ዙር፤ ቆም ብዬ ሰማሁ። ሦስተኛው ላይ ሞተሩ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ተረጋጋ። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። የሼሁ ድምፅ ከበላዩ ጥርት ብሎ መጣ፤ ከኋላ የቆሙት ሰዎች «አሚን» ሲሉ ሰማሁ።

እርግጥ የጓዱም ንግግር በዚያው ተሰማ። ሟቹ የጭቁኑ መደብ ልጅ መሆናቸውን፣ እሳቸው ራሳቸው በረሃቡ ጊዜ ቁልቋል በር ወርደው የሕዝቡን ብሶት አንድ በአንድ ማዳመጣቸውን ተናገሩ። ከዘሀራ ጋር ወጥተው የሰነበቱት አባ ሰይድ በበትራቸው ተደግፈው ከአጠገቤ ቆመው ነበር። ለማንም ሳይሉ፣ ሁሉም ግን እንዲሰማው አድርገው፣ «እጁ ደክሞት ነበር» አሉ። ሰው ሳቀ እንዳይባል መሬት መሬቱን አየ። ንግግሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ጋሼ ይመር፣ የተናገሩልዎትን ሁሉ ሰምተው ከሆነ ይቅር ይበሏቸው ማለት ነበረብኝ። አልልዎትም፤ ንቀትዎን ያለ ቦታው አውጥተውት አያውቁም፤ እዚህ ግን ቢያወጡት ደስ ይለኛል። ሞተሩ ቀብሩ እስኪያበቃ፣ ማንም እጀታውን ሳይነካ፣ በራሱ እየዞረ ጠበቀ። ስንት እንደሚበቃው አሁን አውቃለሁ። ሽፋን በሌለው ደብተሬ ላይ የቁልቋል በር ልጆች ስም አለ፤ ከመጡት ይልቅ የቀሩት ይበዛሉ፤ ሁሉንም እጠራለሁ። ካቻቢቴዎ ከእኔ ዘንድ ነው። ነገ አንድ ሰው የታመመ ሞተር በጨርቅ ሸፍኖ ወደ እኔ ቢገፋ፣ ጨርቁን እንዳያነሳ እነግረዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ መጀመሪያ እሰማለሁ። ለገፋው ሰውም ውሃ እሰጠዋለሁ፤ ማክሰኞም ቢሆን። በሰላም ይረፉ ጋሼ።